የየኔታ ጆሮ

የአባቴ ዳሌ የተሰበረው ባለፈው ዓመት በነሐሴ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲወርዱ ጭቃው አንሸራተታቸው። እኔ ንዴታም ነኝ። ስፈራ እናደዳለሁ፣ ሳዝን እናደዳለሁ፣ ደስ ሲለኝ እንኳ መጀመሪያ የምቆጣው ሰው እፈልጋለሁ። በቃሬዛ ተሸክመው እኔ ወደምኖርበት ከተማ፣ አርብ ገበያ ድረስ ሲያመጡልኝ፣ "ምነው አባየ! በዚህ ዝናብ ማን ውጡ አለዎ?" ብዬ ሰው ፊት ጮህሁባቸው። እሳቸው ከንፈራቸው ነጥቶ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ካልዘለሉ አይሰበሩም" አሉኝ። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ጊዜ ተረት ከአፋቸው አልወጣም።

አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። ከአርብ ገበያ ማዶ፣ ከገደሉ አናት ካለው ደብር አጠገብ ጉባኤ ቤት አላቸው፤ እዚያ ትልቅ ትንሹ "የኔታ" ይላቸዋል። ድጓ፣ ያው የቤተ ክርስቲያናችን የዜማ መጽሐፍ፣ አጠናኑ እንደ ሌላ ትምህርት አይደለም። ተማሪው ያዜማል፣ መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ሲስት "መልስ!" ይባላል፤ ከላይ ይጀምራል። እንደገና ሲስት እንደገና "መልስ!" ነው። ዓመታት እንዲህ ያልፋሉ። አንዲት ርክርክ፣ ድምፅ የሚንቀጠቀጥባት ምልክት ናት፣ ከተዋጠች አባቴ ከእንቅልፋቸው ይነቃሉ። ቤት ቢቃጠል ግን የሚነቁ አይመስለኝም።

ያደግሁት ከዚያ ጉባኤ ቤት ሥር ነው። የእኛ ቤትና ጉባኤ ቤቱ ጀርባና ጀርባ ናቸው፤ አንዲት መስኮት ወደ ግቢያችን ትከፈታለች። ያች መስኮት በሐምሌ ብርድ እንኳ አትዘጋም ነበር። ተማሪዎቹ ደበሏቸውን ተከናንበው፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ፣ "የኔታ፣ ትዘጋልን" ሲሉ፣ አባቴ "ጭሱ በየት ይውጣ?" ይሏቸዋል። እኔ ከመስኮቷ ሥር ቁጭ ብዬ ምስር እለቅማለሁ፣ ገብስ አበጥራለሁ፣ እሰማለሁ። ነይ ግቢ ያለኝ የለም፤ ሂጂ ያለኝም የለም። የዚያን ጊዜ ሴት ልጅን ድጓ ተማሪ የሚል ሰው በሰፈራችን አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅሁ። ከዚያ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ኤሌክትሮኒክስ ተማርሁ፣ አርብ ገበያ ወርጄ የስልክና የሬድዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈትሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከአባቴ ጋር የምንነጋገረው ስለ ባትሪ ነበር። የእጅ ባትሪያቸውን ይልኩልኛል፣ ጠግኜ እመልስላቸዋለሁ፣ "እግዜር ይስጥሽ" ብለው ይልኩብኛል። በቃ፣ ይኸው ነበር ፍቅራችን።

ደብረ ታቦር ታክመው ሲመለሱ ሐኪሙ ቁርጡን ነገረን፤ በምርኩዝ ግቢ ለግቢ ይሄዳሉ፣ ዳገት ግን አይወጡም፣ በቅሎም ላይ አይቀመጡም። እኔ ቤት አልጋ ዘረጋሁላቸው። ተማሪዎቹስ ለምን አይወርዱም ይለኛል ሰው። ጎጇቸው እዚያ፣ ቁራሽ የሚለምኑበት መንደር እዚያ፣ ማኅሌት የሚቆሙበት ደብር እዚያ ነው፤ ከተማ ላይ ማን ያኖራቸዋል?

በጥቅምት ትልቁ ተማሪ ወረደ። አባቴ ከወደቁ ወዲህ ሌሎቹን አሰባስቦ የያዛቸው እሱ ነው። ጉልበታቸውን ስሞ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

"የኔታ፣ ልጆቹ ጽጌ ሲያልቅ ሊበተኑ ነው። ያለ አራሚ ማዜም ስህተት መዝራት ነው ይላሉ። እኔም ገና ነኝ፣ ማረም አልደፍርም።"

አባቴ "እግዜር ይምራቸው" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የዚያን ቀን ምሳ አልበሉም፣ ራት አልበሉም። በማግሥቱም እህል ሳቀርብላቸው "አስቀምጭው" ይሉኛል፣ እንዳስቀመጥሁት አነሳዋለሁ። እኔ ሞኝ አይደለሁም። ጉባኤው ከተበተነ ዳሌያቸው ቢድንም አባቴ እንደማይድኑ ገባኝ። አቤት የፈራሁት ፍርሃት! ስለዚህ ተናደድሁ።

መጀመሪያ የሞከርሁት ስልክ ነበር። ትልቁ ተማሪ ኔትወርክ ከሚይዝበት ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ይደውልና ያዜማል። ስልክ ግን የተሠራው ለወሬ ነው፤ ረጅም ዜማ ሲሰማ የነፋስ ጩኸት ይመስለውና ሊያጠፋልን ይታገላል። ድምፁ ይመጣል፣ ይቆረጣል፣ ይታፈናል። አባቴ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው አዩትና፣ "ይህን ልጅ ማነው የሚያንቀው?" አሉ። ከዚያ ወዲህ ስልክ አልያዝም አሉ።

አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆሜ ማዶ ማዶ ሳይ፣ የደብሩ ዛፎች ከገደሉ አናት ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ኤፍኤም ማለት ደግሞ ዓይን የደረሰበት የሚደርስ ነገር ነው። ወይ አለማሰብ! ሬድዮ ስጠግን ውዬ አድሬ፣ ሬድዮ ጣቢያ መሥራት እንደሚቻል ረስቼው። ወረዳ ሄጄ ሳስረዳ ሳቁብኝና፣ የማንንም ጣቢያ ሳልነካ፣ ባዶ በሆነ ሞገድ ላይ፣ ከጋራው እንዳያልፍ አድርጌ እንድሠራ ነገሩኝ።

ዕቃው ከአዲስ አበባ በአንድ ሾፌር እጅ መጣልኝ፤ ለመገጣጠም የተዘጋጀ ሞጁል ነው። አንዱ ቦርድ ድምፁን ተቀብሎ ሞገድ ላይ ይጭነዋል፤ ሌላው ቦርድ ያንን ሞገድ ያጠነክረዋል። ይህ ሁለተኛው ሲሠራ ይግላል፤ ስለዚህ ሙቀቱን ለነፋስ የሚሰጥ፣ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ አሉሚኒየም ጀርባው ላይ አለው። የምበይደው እዚያው አልጋቸው አጠገብ ነበር፤ ብቻቸውን ትቻቸው ሱቅ መዋል አልሆነልኝም። እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ፣ እኔ ሽቦዬን አያለሁ። አንቴናውን ከመዳብ ሽቦ ስቆርጥ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ክንድ ተኩል፣ ስለካ ስለካ፣ ዞር ማለታቸውን ሰማሁ።

"ምንድን ነው የምትለኪው?"

"አንቴና ነው፣ አባየ። ሽቦው ልኩን ካልያዘ ሞገዱ አይወጣለትም። ሲያጥር ለቀጭን ነው፣ ሲረዝም ለወፍራም።"

"ታዲያ ይኸኛው ከዜማዎቹ ግዕዝ ነው፣ ዕዝል ነው?"

"አራራይ ነው። ቀጭን ነው" አልኋቸው፣ እንዳመጣልኝ።

"አራራይ!" አሉ። ግን ወደ ግድግዳው አልተመለሱም።

ገደሉን ወጥቼ የባሕር ዛፍ አጣና አስተከልሁ፣ አንቴናውን አናቱ ላይ አሰርሁ። ጉባኤ ቤቱ ውስጥ ስገባ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር። ነጭ አፈር የተቀባ፣ ንጹሕ ቤት፤ መጻሕፍቱ በማኅደራቸው በግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ማይኩን አባቴ በሚቀመጡበት መደብ ላይ አስቀመጥሁት፤ ድምፅ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ባትሪውንና ቦርዱን ከጎኑ አደረግሁ። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ቆመው በአክብሮት ያያሉ። "ይኸ የየኔታ ጆሮ ነው" አልኋቸው፣ ቀለል ባለ ቋንቋ ላስረዳ ብዬ። "አንቴናው ሳይሰካ እንዳታበሩት። ይቃጠላል።" ስለ አንቴናው ብቻ ነው የነገርኋቸው። ሌላው ሌላው ለማንም ሰው ግልጽ መስሎኝ ነበር።

ወርጄ ሬድዮውን አባቴ ትራስ አጠገብ ከፈትሁት። እሽሽ ይላል፣ እሽሽ ይላል። ቁልፉን በቀስታ አዞራለሁ። ከዚያ በድንገት እሽሽታው ጸጥ አለና፣ አንድ ተማሪ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማን። ከአጠገባችን ያለ ይመስላል። "ሃሌ ሉያ" ብሎ ጀመረ። አባቴ እንደ ታመመ ሰው ሳይሆን እንደ ተጠራ ሰው በክርናቸው ተነሡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አሁን ላለቅስ ነው ስል፣ ክፍሉን የሚያናውጥ ድምፅ አወጡ፦

"መልስ! ርክርኳን ዋጥኻት! መልስ!"

ልጁ ምን በወጣው፣ ማዜሙን ቀጠለ። አባቴ ሬድዮውን በጣታቸው መቱት። "አትሰማም? ከላይ ጀምር!" ልጁ ይቀጥላል።

"አባየ፣ እሱ አይሰማዎትም። ድምፁ ወደዚህ ይመጣል እንጂ ወደዚያ አይሄድም።"

"አይሰማኝም?" አሉኝ። ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ሆነ። "ላም አለኝ በሰማይ! እንግዲህ ተማሪም በሰማይ ሊኖረኝ ነው?" ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "እህል የለም እዚህ ቤት?" አሉ። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ ሌማቱ ላይ አለቀስሁበት። እሳቸው ከወዲያ ልጁን ይሰድባሉ።

ሁለተኛውን ጣቢያ እስክሠራ መላ ቤቱን አስጨነቁት። "ደረሰ?" "አልደረሰም፣ አባየ።" "ምን ታደርጊያለሽ ታዲያ?" ያው ሾፌር ሁለተኛ ሞጁል አመጣልኝ፤ አንቴናውን ጣሪያዬ ላይ ሰቀልሁ፣ ማይኩን አልጋቸው ላይ አሰርሁ፣ ሲናገሩ የሚጫኑት አዝራር አደረግሁላቸው፤ ለተማሪዎቹም መስሚያ ሬድዮ ላክሁ። የላዩ በአንድ ሞገድ ይናገራል፣ የታቹ በሌላ ሞገድ ይመልሳል። የመጀመሪያው "መልስ!" ከአልጋ ተነሥቶ ገደሉን ሲሻገር፣ በሬድዮው ውስጥ ያ ትልቅ ተማሪ ትንፋሹ ሲቆረጥ ሰማሁ። ከዚያ ሁሉም ባንድነት፣ "የኔታ!" አሉ። አባቴ አዝራሩን ተጭነው፣ "ጩኸት ምንድን ነው? ከላይ ጀምሩ" አሏቸው።

ጽጌ አለቀ። አንድም ተማሪ አልሄደም። አርብ ቀን ገበያተኛው ሁሉ ሬድዮ ሲያዞር አባቴን ያገኛቸው ጀመር። አንድ ገበሬ ከጨው ነጋዴው ሬድዮ "መልስ!" ሲል ሰምቶ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ እርማቱ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰም፤ አህያው የሰው ገብስ ሲበላ ቆየ። ባለ ገብሱ ሲጮኽ፣ "ዝም በል አንተ፣ ይሰሙሃል!" አለው። እኔ እየሳቅሁ እገባለሁ፣ እነግራቸዋለሁ፣ "ገብሱን ከፈለ?" ይሉኛል። በምርኩዝ እስከ በሩ ድረስ መሄድ ጀመሩ።

ኅዳር ሲጋመስ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ሬድዮው ተማሪው እያዜመ ሳለ ጭጭ አለ። እሽሽታ ብቻ። ከሰዓት በኋላ ትልቁ ተማሪ እንደ ሕፃን የታቀፈው ነገር ይዞ እያለከለከ ወረደ። ሽታው ቀድሞት ገባ። አስቀመጠውና ይፈታው ጀመር። መጀመሪያ ነጭ ነጠላ። ከሥሩ ቀይ ጨርቅ። ከዚያ ሥር ሌላ ነጭ። ከሁሉም ሥር የቆዳ ማኅደር፣ ድጓ የሚቀመጥበት። ከማኅደሩ ውስጥ ቦርዴን አወጣ፤ ጠቁሮ፣ ቀልጦ።

"ምን አደረጋችሁት?" አልሁት፤ ድምፄ እኔንም አስፈራኝ። "በዚህ ሁሉ ጨርቅ ጠቅልላችሁ! ይግላል እኮ፣ ነፋስ ይፈልጋል! እንኳን ይኸ፣ ሰውስ ቢሆን አይታፈንም?"

"እትዬ፣ የየኔታ ጆሮ ነው ብለውን የለ?" አለ ልጁ፣ እንባው እየወረደ። "ማታ ማታ እንጠቀልለው ነበር። ዛሬ ብርዱ ሲጠና ጊዜ፣ የየኔታን ጆሮ እንዴት እርቃኑን እንተወው ብለን፣ በቀንም አለበስነው።"

ከአልጋው በኩል አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ አባቴ ይስቃሉ። ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ዳሌያቸውን ይዘው፣ "ኧረ በስመ አብ! ኧረ ጆሮዬን አበሰሉት!" እያሉ። እኔም ሳቅሁ፤ ልጁ ብቻ አልሳቀም።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ልጁ ቀሪውን ተናገረ። ሌላ ዕቃ እስኪመጣ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብሎ ጠየቀኝ። ሾፌሩ ገና መሄዱ ነው አልሁት። "እንግዲያስ ልጆቹ አይቆዩም፣ የኔታ። ሳምንት ሳይታረሙ ከከረሙ ሌላ ጉባኤ ፍለጋ መሄዳቸው ነው። ሁለቱ ስንቃቸውን ቋጥረዋል።" አባቴ ያን የማውቀውን ነገር ሲያደርጉ አየሁ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"አይዙሩብኝ!" አልኋቸው። ጮህሁ፤ አልክድም። "የእርስዎ ማይክ ደህና ነው። እርስዎ ይናገሩ፣ እነሱ ይስሙ።"

"ምን ብዬ ልናገር? ድጓ በስብከት አይማርም፣ ልጄ። የሚሳሳት ሰው ያስፈልገኛል። ሳልሰማ ማንን ላርም?"

"የሚሳሳት ከሆነ የጠፋው፣ እኔ አለሁልዎ!"

አፌ ነው የተናገረው። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። አባቴ ቀስ ብለው ዞሩ።

ልጁን፣ ተማሪዎቹ በማግሥቱ ጧት ሬድዮውን እንዲሰሙ፣ ከሰሙም ከገደሉ አፋፍ ላይ ወጥተው ነጠላቸውን እንዲያውለበልቡልን ነግረን ሰደድነው። በማግሥቱ አባቴን በሩ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጥኋቸው፤ ማይኩን አመጣሁላቸው። አዝራሩን ተጫኑ። "ልጆቼ፣ ዛሬ የምትሳሳትላችሁ ሌላ ሰው አለች። ስሟት" አሉ። ወደ እኔም፣ "በይ። ያ ርክርክ የሚውጠው ልጅ የቸገረውን" አሉኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርሁ። ያዜምሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ ለራሴ ሳንጎራጉር እንኳ ድምፄን አውጥቼ አላውቅም። ምስር የምለቅም መሰለኝ። አንዱን ሐረግ ጨረስሁ፣ ሌላውን ቀጠልሁ፣ ሌላውን። አባቴ ዝም። ዓይኔን ስገልጥ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል።

"ተሳሳች እንጂ!" አሉኝ። "እየጠበቅሁ እኮ ነው!"

ቀጠልሁ፤ ርክርኳ ላይ ስደርስ ድምፄ ተንሸራተተ።

"እሰይ! መልሽ!" አሉ፣ በደስታ። ከዚያ ወደ ማይኩ ዝቅ ብለው፣ "ሰማችሁ? አንተስ የምትወድቀው እዚህ ላይ አይደል? ጉሮሮህን አትጨብጠው" አሉ። እኔን መለሱኝ፣ እነሱን አስተማሯቸው። እኔን መለሱኝ፣ እነሱን አስተማሯቸው። ፀሐይዋ በሩ ድረስ ገባች።

"ወጥተዋል?" አሉኝ በመጨረሻ። እሳቸው ሩቅ አያዩም። ማዶ ተመለከትሁ። ከገደሉ አፋፍ አንድ ነጭ ነገር ብቻዋን ትውለበለባለች። ከዚያ ሌላ ተጨመረ፣ ሌላ፣ ሌላ፤ አፋፉ ሙሉ ነጠላ ሆነ።

"ሁሉም አሉ፣ አባየ። ማንም አልሄደም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ነቀነቁ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ፣

"ሰምተሽው ኖሯል" አሉኝ።

"ከመስኮቷ ሥር ነዋ። ለጭሱ ብለው በሚከፍቷት።"

"የምን ጭስ?"

"እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ ጭሱ በየት ይውጣ የሚሉ የነበረ?"

"አንች" አሉኝ፣ "እነዚያ ሁሉ መጻሕፍት ባሉበት ቤት ውስጥ እሳት ይነድዳል?"

ያ ነጭ፣ ጥላሸት ያልነካው ግድግዳ ትዝ አለኝ። ስንት ሐምሌ፣ ስንት ክረምት፣ ያች መስኮት ተከፍታ፣ እነዚያ ልጆች ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ፣ እሳቸውም በብርድ እየተኮማተሩ። የምናደድበት ሰው ፈለግሁ፣ አጣሁ። አፌን ስከፍት ዜማ አይደለም የወጣኝ።

አባቴ ጠበቁኝ። ጣታቸው አዝራሩ ላይ እንዳለ ነበር፤ ጋራው ሁሉ፣ ገበያው ሁሉ ይሰማል።

"አልቅሰሽ ስትጨርሽ ከላይ ጀምሪ" አሉኝ።

ከላይ ጀመርሁ።